ዳቦ ቤቱ ላይ የነበረችው ክፍል

ጆርናል ክለብ፣ ሐኪሞች የጥናት ጽሑፍ አንብበው የሚወያዩበት ስብሰባ፣ የተወለደው ዳቦ ቤት ላይ ነው ስላቸው ሬዚደንቶቼ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩት ሐኪሞች) ቀልድ ይመስላቸዋል። ጄምስ ፔጄት የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በትዝታ መጽሐፉ እንደጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ፣ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል በር አጠገብ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ተቀምጠው የሕክምና መጽሔት የሚያነቡባት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። ማታ ማታ ካርታ የሚጫወቱም ነበሩ። የእኛዎቹ ካርታውን በስልክ ተክተውታል።

ነገሩን ሥርዓት ያስያዘው ዊሊያም ኦስለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 በሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ወጣት መምህር ሳለ ክለቡን ያቋቋመው መጽሔቶቹን ለብቻው ለመግዛት አቅም ስላጠረው ነው። ገንዘቡ በጋራ፣ ንባቡም በጋራ ሆነ፤ የመጽሔት ዕቁብ በሉት። ኋላ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሲሄድም ልማዱን ይዞት ሄደ።

እስከዚያ ችግሩ መጽሔት ማግኘት ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት ተገለበጠ፤ መጽሔቱ በዛ፣ የሐኪሙ ጊዜ ግን ያው ነው። ለዚህ መላ የፈለጉት በካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ፣ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ዴቪድ ሳኬት እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያ የክሊኒካል ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍልን ሲመሠርት ገና የ32 ዓመት ሰው ነበር። በ1981 ከባልደረቦቹ ጋር፣ የሕክምና መጽሔት እንዴት እንደሚነበብ የሚያስረዱ አምስት ተከታታይ ጽሑፎች በካናዳ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አወጡ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ በድፍረት የሚያስተምረው ቶሎ መጣልን ነው። ርዕሱን እይ፤ ካልሳበህና ካልጠቀመህ ተወው። ጸሐፊዎቹን እይ፤ ከዚህ በፊት የሠሩት ያስተማምናል? አብስትራክቱን፣ የጽሑፉን አጭር ማጠቃለያ፣ አንብብ፤ የተባለው እውነት ቢሆን ይጠቅመኛል? ጥናቱ የተካሄደበትን ቦታ እይ፤ እውነት ቢሆን እኔ ዘንድ ለሚመጣው በሽተኛ ይሠራል? አንዱ ላይ እንኳ መልሱ አሉታዊ ከሆነ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ እለፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ አይጥመኝም። ስም አይቶ ማመን፣ ስም የሌለውን ወጣት ተመራማሪ ሳያነቡ መጣል ነው። ሦስተኛው ግን ወርቅ ነው። አብስትራክት ላይ የሚጠየቀው ይጠቅመኛል ወይ የሚለው ብቻ ነው፤ እውነት ነው ወይ ለሚለው መልሱ ያለው ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ በሚገልጸው ክፍል፣ ሜተዱ ውስጥ ነው። ሜተዱን ደግሞ አንዳንድ መጽሔቶች በደቃቅ ፊደል ያትሙት ነበር፣ ዝለሉት እንደማለት። ሬዚደንቱም ይዘለዋል። አብስትራክቱንና የመጨረሻውን አንቀጽ አይቶ፣ ስላይድ ሠርቶ ይመጣል፤ በሽተኞቹ እንዴት ተመረጡ ስለው ኮርኒሱን ያያል። በ1987 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲሲን ላይ አብስትራክት በንዑስ ርዕስ ተከፋፍሎ እንዲጻፍ ሐሳብ ቀረበ፤ ልማዱም ተስፋፋ። ንባቡን አቅልሏል፤ ስንፍናውንም አብሮ አቅልሏል ባይ ነኝ።

አራተኛው ጥያቄ እኛ ዘንድ ከሁሉም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሮኬት ኤኤፍ የተባለው ጥናት፣ የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎችን ከስትሮክ በመከላከል ሪቫሮክሳባን የተባለው የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ከነባሩ ዋርፋሪን እንደማያንስ አሳየ። ያጓጓል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው፣ ሪቫሮክሳባን ከሚወስደው በተለየ፣ በየጊዜው ደሙ ይመረመራል፤ ከገጠር ለሚመላለስ በሽተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጥናቱ ማን እንደተገለለ ፈልጎ ያነበበ ግን፣ ሚትራል የተባለው የልብ በር ክፉኛ የጠበበባቸው እንዳልገቡበት ያገኛል። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብ ላይ የሚወጣው የሩማቲክ ሕመም የሚያጠበው ይህንኑ በር ነው፤ ዋርዳችንም የሚሞላው በእነዚሁ ሕሙማን ነው።

ለእነሱ መልስ የመጣው በ2022 ነው። ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ የሩማቲክ የልብ ሕመምተኞችን አሳትፎ፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት ይልቅ ሪቫሮክሳባን በወሰዱት ላይ ሞት መብዛቱን አሳየ። ሁለቱን ጥናቶች በአንድ ቀን ጆርናል ክለብ ላይ አቀርባቸዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ማን እንደተገለለ ቀድሞ ላገኘ ሬዚደንት ቡናው በእኔ ነው።