የጥንት ጦርነቶችን መታሰቢያ እንዴት እናንብብ?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ በሌላውም አገር ያላችሁ፣ በራዲዮ የተነገረው ይኸው በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን ደግማችሁ አንብቡት።

ፊደል የለየ ሰው መጀመሪያ ምን ያነባል? ስሙን ያነባል። ቀጥሎ የልጁን ስም፣ የግብር ደረሰኙን፣ የመድኃኒቱን ጽሑፍ ያነባል። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ይከፈትና በየመንገዱ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ይጀምራል። ዛሬ የምንነጋገረው ከእነዚህ ጽሑፎች ስለ አንዱ ነው። እሱም የመታሰቢያ ጽሑፍ ነው። «በዚህ ቦታ እንዲህ ያለ ጦርነት ተደረገ» የሚል ሰሌዳ፣ ሐውልት ወይም ድንጋይ ማለታችን ነው።

«ይህ ለእኛ ለገበሬዎች ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋም። ይጠቅማል። መታሰቢያ ጎረቤታሞችን ሊያስታርቅ ይችላል። ሊያጣላም ይችላል። ስለዚህ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ያስፈልጋል።

የነገሥታቱ መቀመጫዎች

ከራሳችን አገር እንጀምር። መንዝ ደጋ ነው። ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት፣ ሰው ባና ደርቦ የሚውልበት የብርድ አገር ነው። ዙሪያውን ገደል አጥሮታል። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጭት፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ ቆላ የሚወርደው ትልቁ ገደል አለ። እንዲህ ያለ አገር ለሚገባበት ጠላት ያስቸግራል፤ ለሚከላከል ግን ይመቻል።

በ16ኛው መቶ ዘመን አገሪቱ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተዳክማ ነበር። በዚያው ዘመን ኦሮሞዎች ከደቡብ ተነሥተው ወደ ሰሜን ተስፋፉ። ብዙው የሸዋ ሜዳ መኖሪያቸው ሆነ። ቀድሞ እዚያ ይኖር ከነበረው ሰው ከፊሉ ሸሸ፤ ከፊሉ ከእነሱ ጋር ተቀላቅሎ ኖረ።

በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነጋሲ ክርስቶስ የሚባሉ ሰው መንዝ ውስጥ አጋንቻ በሚባል ቦታ ተነሡ። የሸዋ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከእሳቸው ነው። ከእሳቸው በኋላ ሰብስትዬ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ እየተከታተሉ ገዙ።

አሁን የእነዚህን ሰዎች መቀመጫ ልብ በሉ። ነጋሲ አጋንቻ ተቀመጡ። ሰብስትዬ ዶቃቂት ወረዱ። አብዬ ሐራምባን ያዙ። አምኃ ኢየሱስ አንኮበር ገቡ። ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ላይ አንጎለላን ጨመሩ። አፄ ምኒልክ አንጎለላ ላይ በ1836 ዓ.ም. ተወለዱ። እሳቸው ደግሞ እንጦጦ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እነዚህን ቦታዎች በካርታ ላይ በመሥመር ብታያይዟቸው መሥመሩ ከመንዝ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ይህ የነገሥታቱ መንገድ ብቻ አይደለም። የጦር ግንባሩም በዚሁ አቅጣጫ ነበር የተጓዘው።

ሜዳው ባዶ አልነበረም

ታዲያ ያ ሜዳ ባዶ አልነበረም። አብቹ፣ ገላን የሚባሉት የቱለማ ኦሮሞዎች ይኖሩበት ነበር። ከረዩም በዚያው አካባቢ ነበሩ። አንጎለላ ራሷ የተመሠረተችው በአብቹ ምድር ላይ ነው። ሰዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። አብዬ የሞቱት ከከረዩ ጋር ሲዋጉ እንደሆነ ይነገራል።

የዘመኑ ጦርነት እንዴት ነበር? ንጉሡ ዘመቻ ይጠራል። ጦሩ ይወጣል። ያልገበረው አገር ይመታል፤ ከብቱ ይነዳል፤ ቤቱ ይቃጠላል። አገሩ ሲገብር ወታደር ይሰፍርበታል፤ ቤተ ክርስቲያን ይተከልበታል። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. ሸዋ ተቀምጦ ነበር። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ዘምቶ ያየውን ጽፏል። ስለ መንደር ቃጠሎና ስለ ከብት ዝርፊያ ከጻፉት የዓይን ምስክሮች አንዱ እሱ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ ጦርነት ብቻ አልነበረም። በገበያ ይገናኙ ነበር። ይጋቡ ነበር። ኦሮሞ ፈረሰኞች በሸዋ ነገሥታት ጦር ውስጥ ይዘምቱ ነበር። የምኒልክ ትልቁ የጦር አዝማች ራስ ጎበና ዳጬ እኮ ኦሮሞ ነበሩ። ስለዚህ «አማራ በዚህ፣ ኦሮሞ በዚያ» ብሎ አገሩን ለሁለት መክፈል አይቻልም።

ማቅናትና ወረራ

እስቲ አሁን ወደ ቃላት እንምጣ። ከጥንት ጀምሮ መንዝ ውስጥ ርስት የሚጠየቀው በአቅኚ አባት ነበር። አቅኚ ማለት መጀመሪያ መሬቱን የያዘው፣ ያቀናው ሰው ነው። «እኔ የእገሌ ዘር ነኝ» ያለ ሰው እስከ አቅኚው ድረስ ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ይህ የርስት ሕግ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። «አገር አቀና» እንላለን።

ማቅናት ምን ማለት ነው? የጎበጠን ማስተካከል ነው። ደስ የሚል ቃል ነው። ነገር ግን መሬቱ የተወሰደበት ሰው «አቀኑልኝ» ይላልን? አይልም። «ቀሙኝ» ይላል። የድሮ ጸሐፊዎቻችን ደግሞ የኦሮሞን መስፋፋት «ወረራ» ብለው ጻፉት፤ የራሳቸውን ወገን መስፋፋት ግን «ማቅናት» አሉት። ሁለቱም በጦር መሬት መያዝ ነው። ስሙ የተለያየው የሚጽፈው ሰው በየትኛው ወገን እንደቆመ ስለሚለያይ ነው። በድሮ መጻሕፍት ለኦሮሞ የተሰጠ የስድብ ስምም ታገኛላችሁ። ስታነቡ እለፉት፤ ወደ አፋችሁ ግን አታምጡት።

ባሕር ማዶም እንዲሁ ነው

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ላይ የነገሡት በ1805 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በሰሜን አሜሪካ፣ ዛሬ አላባማ በሚባለው ግዛት፣ ሌላ የመሬት ጦርነት ተነሣ። ክሪክ የሚባሉ የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ነበሩ። ራሳቸውን መስኮጊ ብለው ይጠራሉ። ነጮች ሰፋሪዎች እየገፉ መጡባቸው። ክሪኮቹም እርስ በርሳቸው ተከፈሉ። አንዱ ወገን «እንዋጋ» አለ፤ ሌላው «እንስማማ» አለ።

በነሐሴ 1805 ዓ.ም. ተዋጊዎቹ ክሪኮች ፎርት ሚምስ የሚባለውን የሰፋሪዎች ምሽግ ሰብረው ገቡ። ሴትና ሕፃን ሳይቀር ብዙ ሰው ሞተ። በመጋቢት 1806 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ጦር ሆርስሹ ቤንድ በሚባለው የወንዝ መታጠፊያ ክሪኮቹን ከበባቸው። በአንድ ቀን ከ800 በላይ ክሪኮች ሞቱ። ከጃክሰን ጋር ቸሮኪ የሚባሉ ቀደምት ሕዝቦችና ሌሎች ክሪኮችም ተሰልፈው ነበር። በነሐሴ 1806 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ከ8 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት ከክሪኮች ተወሰደ። ከጃክሰን ጎን የተዋጉት ክሪኮች መሬትም አብሮ ሄደ። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ የቀሩት በግድ ከአገራቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ ተነዱ።

በዚያ አገር የጥንት ጦርነት በተደረገባቸው ብዙ ቦታዎች ላይ ምሰሶ ተተክሎ የብረት ሰሌዳ ይሰቀላል። መንገደኛ ቆሞ ያነባል። ለረዥም ጊዜ ግን የሚጻፈው በሰፋሪዎቹ ዓይን ነበር። ስሞቹን ብቻ ተመልከቱ። ክሪኮች የገደሉበት «የፎርት ሚምስ እልቂት» ተባለ። ክሪኮች የተገደሉበት ደግሞ «የሆርስሹ ቤንድ ውጊያ» ተባለ። አያችሁ? እዚያም እንደ እኛው «ማቅናት» እና «ወረራ» ነው።

በእኛ አገር የቆሙ ሐውልቶች

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የአፄ ምኒልክ ሐውልት አዲስ አበባ አራዳ ላይ በ1923 ዓ.ም. ቆመ። ፋሺስት ኢጣልያ አገሩን ሲይዝ በ1929 ዓ.ም. አወረደው። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ብዙ ሰው ያንን ሐውልት ሲያይ ዓድዋን ያስባል፤ ነጻነትን ያስባል። ሌላው ደግሞ ያንኑ ሐውልት ሲያይ የአያቱን መሬትና የአያቱን ደም ያስባል።

በሐረርጌ ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አደረገ። በዚያ ቦታ ዛሬ የሞቱትን የሚያስታውስ ሐውልት አለ። በአርሲ ሂጦሳ ወረዳ አኖሌ ላይም በ2006 ዓ.ም. ሐውልት ተመርቋል። የተቆረጠ እጅ የተቆረጠ ጡት ይዞ ያሳያል። በምኒልክ ዘመቻ ጊዜ ተፈጸመ ብለው አርሲዎች ከአባት ወደ ልጅ የሚተርኩትን ግፍ ያስታውሳል። የተባለው ተደርጓል፣ አልተደረገም በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። በአርሲ ብዙ ሰው በጦርነቱ እንዳለቀ ግን አከራካሪ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ሐረር ከተማ ውስጥ የራስ መኰንን ሐውልት በሰዎች እጅ ተገርስሷል።

ነገሩ ሐውልት ላይ ብቻ አይቀርም። በ2013 ዓ.ም. እዚሁ በሰሜን ሸዋ አጣዬ ከተማ ተቃጠለች። በዙሪያው አማራውም ኦሮሞውም ሞተ፤ ተፈናቀለ። አያቶቻችን አብረው የሸመቱበት ገበያ አመድ ሆነ። ሰዎች በዚህ ዘመን የሚሞቱት በጥንቱ ጦርነት ምክንያት ብቻ ነው አንልም። ጥንቱን በአንድ ዓይን ያነበበ ሰው ግን ለጠብ ቀስቃሽ ቶሎ ይመቻል።

አራት ጥያቄዎች

ታዲያ ምን እናድርግ? ድንጋዩን እንስበረው? አይደለም። የተሰበረ ድንጋይ አይነበብም። ያልተነበበም አያስተምርም። መታሰቢያ ባያችሁ ጊዜ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ።

አንደኛ፦ ማን አቆመው?

ሁለተኛ፦ መቼ አቆመው? ጦርነቱ በተደረገበት ዘመን ነው ወይስ ከመቶ ዓመት በኋላ?

ሦስተኛ፦ ስለ ማን ይናገራል? የማንስ ስም ተጽፏል?

አራተኛ፦ ስለ ማን ዝም ይላል? እዚያው ቦታ ሞቶ ስሙ ያልተጻፈው ማነው?

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። መልሱ በድንጋዩ ላይ አይገኝምና። ያንን መልስ ከሰው አፍ መጠየቅ ግድ ነው።

ለዚህ ሳምንት ሥራ እንስጣችሁ። ሐውልት ለመፈለግ ሩቅ አትሂዱ፤ የቦታ ስም ራሱ መታሰቢያ ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ስትሉ የአቅኚዎችን ስም መጥራታችሁ ነው። አብቹ፣ ገላን ስትሉ ደግሞ በሜዳው የኖሩትን የኦሮሞ ጎሳዎች ስም መጥራታችሁ ነው። እንግዲህ የመንደራችሁን፣ የወንዛችሁን፣ የተራራችሁን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ማን እንዳወጣው ሽማግሌ ጠይቁ። በገበያ ቀን ደግሞ ከማዶ የመጣ ኦሮሞ ሽማግሌ ስታገኙ፣ «አባቶቻችሁ ይህን አገር ምን ይሉት ነበር?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። የነገራችሁን ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ ከመጀመሪያው አጠገብ ጻፉት።

ሁለቱ ባይስማሙ አትሰርዙ። ሁለቱንም ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።