ውሻዎ ወፍሯል ወይስ ከስቷል? በእጅ ዳስሶ ማወቂያው ዘዴ

ውሻ ያለበት ግቢ የገባ እንግዳ ውሻው ወፍሮ ካገኘው «እንዴት ተይዟል!» ብሎ ባለቤቱን ያመሰግናል። ጎድኑ የሚታይ ውሻ ካየ ደግሞ «ምነው አያበሉትም እንዴ?» ብሎ በልቡ ይታዘባል። ሁለቱም ፍርዶች በዓይን ብቻ የተሰጡ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ ስህተት ናቸው። ጸጉሩ ረጅም የሆነ ውሻ ከስቶ ሳለ የጠገበ ይመስላል፤ ጸጉረ አጭሩና ቀጭኑ ደግሞ በሙሉ ጤንነት ላይ ሆኖ ሳለ የተራበ ይመስላል። ከሁሉም በላይ የሚሳሳተው ውሻውን በየቀኑ የሚያየው ባለቤት ነው። ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ዓይኑ አብሮ ይለምደዋል።

ጉዳዩ የመልክና የቁመና ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን የዕድሜ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ በተጀመረ አንድ ጥናት 48 የላብራዶር ቡችሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከተመደቡ በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ከጓደኛው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየተሰጠው ዕድሜ ልኩን ክትትል ተደረገበት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ሲሆን፣ የበለጠ ይበሉ ከነበሩት ግማሾቹ 11.2 ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ ያነሰ ይበሉ የነበሩት ግን እዚህ ቁጥር ላይ የደረሱት በ13 ዓመታቸው ነው። ቀጫጮቹ የመገጣጠሚያ ሕመም ሕክምና ያስፈለጋቸውም ከወፈሩት ዘግይተው ነበር። ጥናቱን ያካሄደው የውሻ ምግብ የሚያመርተው ፑሪና የተባለው ኩባንያ መሆኑን ላወቀ ሰው፣ የጥናቱ መልእክት «ቀንሳችሁ አብሉ» መሆኑ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ታዲያ ትክክለኛው ክብደት በምን ይታወቃል? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሚዛንን ነው። ሚዛን ግን ለብቻው ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ የጀርመን ሸፐርድ ዝርያ መስፈርት ለወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ለሴቷ ከ22 እስከ 32 ኪሎ ነው። በመሃሉ የ10 ኪሎ ልዩነት አለ። 36 ኪሎ የሚመዝን ወንድ አጥንተ ሰፊ ከሆነ ደልዳላ፣ አጥንተ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ወፍራም ነው። በዚያ ላይ በከተማችን «ጀርመን ነው» ተብሎ ከሚሸጠው ቡችላ ብዙው ድቅል ነው። ለድቅል ውሻና ለአገራችን ውሻ የተጻፈ የኪሎ ሠንጠረዥ ደግሞ የለም።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ የሰውነት አቋም ደረጃ የሚባለው ነው። ከ1 እስከ 9 ይቆጥራል። 1 አጥንቱ የገጠጠ፣ 9 እጅግ የወፈረ ሲሆን፣ ጤነኛ የሚባሉት 4 እና 5 ናቸው። ዶክተር ዶሮቲ ላፍላም የተባሉት የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1997 ካሳተሙት ወዲህ በብዙ አገሮች የተለመደ መለኪያ ሆኗል። ከላይ በጠቀስነው ጥናት ብዙ ይበሉ የነበሩት ላብራዶሮች አማካይ ደረጃ 6.7 ነበር። ይህ ጎረቤት አይቶ «ወፈረ» የማይለው፣ እንዲያውም «ደልደል ብሏል» የሚለው ዓይነት ውፍረት ነው። ወደ 2 ዓመት የሚጠጋውን ዕድሜ የወሰደው እሱ ነው።

ደረጃውን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ የራስዎ እጅ ነው። ውሻውን አቁመው መዳፎችዎን በደረቱ ግራና ቀኝ ያሳርፉ፤ ከዚያም ሳይጫኑ ጣቶችዎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንሸራትቱ። የሚፈልጉት የጎድን አጥንቶቹን ነው። አሁን ለማነጻጸር አንድ እጅዎን መዳፉን ወደ ታች አድርገው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና፣ በሌላው እጅዎ ጣቶች የእጅዎን ጀርባ ይዳስሱ። አጥንቶቹ ከቀጭን ቆዳ ሥር አንድ በአንድ ይሰማሉ። የውሻው ጎድን እንዲህ ከተሰማዎ ክብደቱ ደህና ነው። እጅዎን ጨብጠው የጣቶችዎን አንጓ ቢዳስሱ አጥንቱ ሹል ሆኖ ያገኙታል፤ ጎድኑ እንደዚያ ከሆነ ውሻው ከስቷል። እጅዎን ገልብጠው መዳፍዎን ከጣቶቹ ሥር ቢዳስሱ ደግሞ አጥንቱን ለማግኘት መጫን ይኖርብዎታል። ጎድኑን ለማግኘት እንዲህ መጫን ካስፈለገዎ ውሻው ወፍሯል።

ቀጥሎ ከላይ ሆነው ይመልከቱት። ከጎድኑ በስተኋላ ወገቡ ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት። ከጎን ሲታይ ደግሞ የሆዱ መስመር ከደረቱ ወደ ኋላ እግሮቹ ሲሄድ ከፍ እያለ ሊሄድ ይገባል። ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ወገቡ ከጠፋ፣ ወይም በጭራው ሥር ስብ ከተከመረ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ነው። ጸጉሩ ረጅም በሆነ ውሻ ላይ ግን ይህ የዓይን ምርመራ ብዙ አያስተማምንም፤ እዚያ ላይ እጅዎን ብቻ ይመኑ። እንደ ግሬይሃውንድ ያሉ የሩጫ ውሾች የመጨረሻዎቹ ጎድኖቻቸው ቢታዩ ጤናቸው ነው።

ዳሰሳው ሊያሳስትባቸው የሚችሉ ሁኔታዎችም አሉ። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑና የጀርባ አጥንቱ ግን የሚቆጠር ውሻ አልወፈረም። ቡችላ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወስፋት ነው፤ ትልቅ ከሆነ በልብ ወይም በጉበት በሽታ ምክንያት ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት ይወሰድ። ያረጀ ውሻ ደግሞ ጡንቻው እያለቀ በቦታው ስብ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ ጎድኑ ላይ ስብ ቢኖርም የትከሻውንና የጭኑን ጡንቻ መዳሰስ አይዘንጋ።

ሚዛን ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። ጥቅሙ ለውጥን መከታተሉ ላይ ነው። ትንሽ ውሻ ከሆነ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ውሻውን ታቅፈው በቤት ሚዛን ላይ ይውጡና ልዩነቱን ያስሉ። ትልቁን ማቀፍ አይሞከርም፤ ለዓመታዊው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲወስዱት እግረ መንገዱን እንዲመዘን ይጠይቁ። በመሃሉ ባሉት ወራት በልብስ ሰፊ ሜትር የወገቡን ዙሪያ ለክቶ መመዝገብ ይበቃል።

በከተማችን ሁለት ዓይነት ስህተት ጎን ለጎን ይታያል። አንደኛው በግቢ ጠባቂው ውሻ ላይ የሚፈጸም ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፤ ምግቡን የቤት ሠራተኛዋ ወይም ዘበኛው ነው የሚሰጠው፤ ባለቤቱ ከመኪና ሲወርድ ከሩቅ ያየዋል እንጂ አይነካውም። የዚህ ውሻ ክሳት በጸጉሩ ተሸፍኖ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው በሳሎን ውሻ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል እጅ አንዳንድ ጉርሻ ይደርሰዋል፤ ሁሉም «እኔ የሰጠሁት ትንሽ ነው» ይላል። 8 ኪሎ የምትመዝንና የመከነች የቤት ውሻ በቀን የሚያስፈልጋት ወደ 530 ካሎሪ ነው። 50 ግራም የሚመዝን አንድ ዳቦ ወደ 130 ካሎሪ አለው። ከቁርሱ ገበታ አንድ ዳቦ ከተጣለላት የቀኑን ምግብ ሩብ በላች ማለት ነው። ከመደበኛው ምግብ ውጪ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። ውሻ ሲኮላሽ ወይም ስትመክን የሚያስፈልገው ምግብ ስለሚቀንስ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የምግቡን መጠን ዝቅ ማድረግ የግድ ነው።

የእኛ የምግብ አቆጣጠር የራሱ ጣጣ አለው። ከሉካንዳ በሚገዛ ቅንጥብጣቢና ሳምባ የሚኖር ውሻ፣ 55 ቀን በሚፈጀው ዐቢይ ጾም ብዙ ሉካንዳ ሲዘጋ እንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ይቀርለታል፤ በፋሲካ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ የማይችለው ቅባት ይወርድበታል። ስለዚህ ጾሙ ሲገባና ሲፈታ መዳሰሱ ብልህነት ነው። የወጥ ትራፊ ነገር ደግሞ ከክብደትም ያለፈ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋሉ፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ አጥንትም ሲሰበር ስለሚሾል አንጀት ይበሳል።

ውሻው ወፍሮ ከተገኘ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት በግምት ማስላት ይቻላል። ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ትርፍ ክብደት ነው። ደረጃው 7 የሆነና 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ፣ በዝቅተኛው ስሌት እንኳ መሆን ያለበት ወደ 25 ኪሎ ነው። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም ከ300 እስከ 600 ግራም፣ ቢቀንስ ከ2 እስከ 4 ወር ይወስድበታል። ከዚህ መፍጠን አያስፈልግም፤ ማስራብም ተገቢ አይደለም። ምግቡ ሁልጊዜ በአንድ ጣሳ ተለክቶ፣ በአንድ ሰው እጅ ይሰጥ። ቤተሰቡ ውስጥ ሦስት ሰው የሚያበላው ውሻ ሲቀንስ ማየት ከባድ ነው።

ላብራዶር ያላቸው ሰዎች «ይህ ውሻ አይጠግብም» ሲሉ ብዙ አልተሳሳቱም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳተሙት፣ ከላብራዶሮች ወደ ሩብ የሚጠጉት የጥጋብ ስሜትን የሚያዛባ የዘር ለውጥ አለባቸው። ለእነዚህ ውሻው ሲለምን ማየት የረሃብ ማስረጃ አይሆንም።

ምግቡ ሳይለወጥ ክብደቱ ከተለወጠ ግን ነገሩ የሐኪም ነው። ሳይበላ የሚወፍር፣ የሚደነዝዝና ጸጉሩ የሚሳሳ ውሻ የታይሮይድ ዕጢው ሊመረመር ይገባል። ብዙ እየበላ የሚከሳ፣ ብዙ ውኃ የሚጠጣና ቶሎ ቶሎ የሚሸና ውሻ ለስኳር በሽታ ይመርመር። ጀርመን ሸፐርድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ዝርያ ቆሽት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ማመንጨት የሚያቆምበት በሽታ ከሌሎች በርከት ብሎ ይታያል። ውሻው እንደ ጅብ እየበላ ይከሳል፤ ዓይነ ምድሩም ብዛት ያለውና የላላ ይሆናል። ባለቤቱ «ትል ነው» እያለ የትል መድኃኒት ሲደጋግም ወራት ያልፋሉ። በሽታው ከታወቀ ግን ኢንዛይሙን ከምግቡ ጋር በመቀላቀል ይታከማል።

ቡችላን በተመለከተ፣ በተለይ የትላልቅ ዝርያ ቡችሎች «ቶሎ ይደጉ» ተብለው አብዝተው እንዲበሉ መደረጋቸው የዳሌ መገጣጠሚያቸውን ይጎዳል። አጥንቱ ሳይጠነክር ክብደቱ ይቀድመዋልና። ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ይዳሰስ፤ ጎድኑ ሁልጊዜ ከእጅዎ ጀርባ እኩል የሚሰማ ከሆነ፣ ሰው ቢያማም ምግቡን አይጨምሩለት።