እውነትና ንጋት

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የተማረ ወዳጄ በስልኩ የደረሰውን የእልቂት ፎቶግራፍ አሳየኝ። ምስሉ የሌላ አገርና የሌላ ዘመን መሆኑን በማስረጃ ባሳየውም አልደነገጠም፤ «ዋናው መልእክቱ ነው» አለኝ። ያን ዕለት ያልመለስኩለትን ዛሬ ልመልስለት።

በአደባባይ ከዋለ ነገር እውነትን አንጥሮ የማውጣት ሙያ አዲስ አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ዓመት፣ የባዕድ ሬዲዮ ጣቢያዎችን እያደመጠ የሚተረጉም ክፍል አቋቋመ። በደርግ ዘመን የአዲስ አበባ ሬዲዮ ያሰራጨው ዜና ሳይቀር በዚሁ መንገድ ተመዝግቧል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይጠቅሱታል።

ኢንተርኔት ሲመጣ ሙያው ከመንግሥታት እጅ ወጣ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2014 የማሌዥያው አውሮፕላን ኤምኤች17 298 ሰዎች እንደያዘ በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ በሚሳይል ተመትቶ ወደቀ። አስከሬን ሳይነሣ ሐሰት ተነሣ። በኪየቭ የበረራ ተቆጣጣሪ ነኝ ያለ «ስፔናዊ» የዩክሬን ተዋጊ ጄቶች አውሮፕላኑን ሲከተሉ እንደነበር በትዊተር ጻፈ፤ እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ግን አልነበረም። ከአራት ቀን በኋላ የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ጥፋቱን ወደ ዩክሬን ጦር የሚያላክኩ የሳተላይት ምስሎችን አቀረበ።

እንግሊዛዊው ኤሊዮት ሂጊንስ ቤሊንግካት የተሰኘውን የምርመራ ድረ ገጽ የከፈተው በዚያው ሳምንት ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ የምስጢር ሰነድ አልነበራቸውም። ነዋሪዎች ያነሷቸውን የቡክ ሚሳይል ተሸካሚ ምስሎች ሰበሰቡ፤ መንገዱን፣ ሕንፃውንና የጥላውን አቅጣጫ ከሳተላይት ካርታ ጋር እያስተያዩ ቦታውንና ሰዓቱን ለዩ። በተሽከርካሪው ጎን ላይ የነበረውን ጉዳት ተከትለውም መነሻው ሩሲያ ውስጥ፣ ኩርስክ የሚገኘው 53ኛ ብርጌድ መሆኑን አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የበርካታ አገሮች የጋራ መርማሪ ቡድን እዚያው ደረሰ፤ በኖቬምበር 2022 የሔግ ፍርድ ቤት ሦስት ሰዎችን በሌሉበት በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ።

ውድ አንባቢ፣ እኔን የማረከኝ ግን ድሉ ብቻ አይደለም። ቤሊንግካት የሩሲያን የሳተላይት ምስሎች ቀናቸው የተጭበረበረ ነው ብሎ በ2015 ባወጣው ዘገባ ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ በምስል ምርመራ አዋቂዎች ክፉኛ ተነቅፏል። ሊነቀፍ የቻለው አሠራሩ ተዘርዝሮ ስለ ቀረበ ነው። መንገዱን የሚያሳይ ሰው ስሕተቱን የሚያርምለት ያገኛል፤ «እመኑኝ» የሚል ግን አንዱ ወሬ ሲጋለጥበት ሌላ ወሬ ይፈጥራል።

ወዳጄ ሆይ፣ መልእክቱ እውነት ከሆነ የተዋሰ ምስል ለምን አስፈለገው? በሐሰት ምስል የደገፍከውን እውነተኛ በደል፣ በዳዩ ነገ ያንኑ ምስል ጠቅሶ ይክደዋል፤ የሚጎዳውም የሞተው ሰው ነው። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለዋል። ንጋት ሳንደክምለት ይመጣል፤ እውነት ግን ሠራተኛ ይፈልጋል።