በማቀዝቀዣ የቆየ ደም

ከ1962 እስከ 1971 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ አየር ኃይል «ራንች ሃንድ» በተሰኘው ዘመቻ በደቡብ ቬትናም ደንና አዝመራ ላይ ቅጠል አርጋፊ ኬሚካል ከሲ-123 አውሮፕላኖች ሲረጭ ቆየ። ከኬሚካሎቹ ይበልጥ የታወቀው ኤጀንት ኦሬንጅ ሲሆን፣ በሚመረትበት ጊዜ ሳይፈለግ የሚፈጠረው ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ተቀላቅሎበት ነበር። (መርዙ ከሁሉ አብልጦ የወረደበት የቬትናም ገበሬ መሆኑ አይዘነጋም፤ እዚህ የሚነገረው ግን የረጪዎቹ ታሪክ ነው።)

ከጦርነቱ በኋላ ክርክሩ ሁሉ ያረፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ይኸውም፦ ማን፣ ምን ያህል ተነካ? አየር ኃይሉ በ1982 የዘመቻውን አባላት በደቡብ ምሥራቅ እስያ በሌላ የበረራ ሥራ ከተሰማሩ ጓዶቻቸው ጋር ማነጻጸር ሲጀምር መልሱን የፈለገው ከመዝገብ ነው። የተረጨው መጠን፣ የአገልግሎቱ ጊዜና የሥራው ዓይነት ተደምሮ ለእያንዳንዱ ሰው ግምት ወጣለት። በዚያው ምርመራ ከተቀዳው ደም ሴረሙ ተለይቶ በማቀዝቀዣ ተቀመጠ፤ በውስጡ ያለውን እጅግ ጥቂት ዳይኦክሲን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካ ዘዴ ግን ገና አልነበረም።

ዘዴው በ1987 በአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል ሥራ ላይ ሲውል መዝገቡ ብዙዎችን ያለ ቦታቸው መድቦ ተገኘ። በአማካይ ከፍተኛው መጠን የታየው በመኮንኖቹ ደም ሳይሆን፣ ታንክ ሲሞሉና ፓምፕ ሲጠግኑ በዋሉት የምድር ሠራተኞች ደም ነው። ማእከሉ በመረመራቸው 646 በቬትናም የዘመቱ የምድር ጦር ወታደሮች ደም ውስጥ ደግሞ ከትሪሊዮን 4 ክፍል ያህል ብቻ ተገኘ፤ ይህም ቬትናም ካልሄዱት 97 ወታደሮች የሚለይ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የቆየው ሴረም ዋጋ ታየ። የ36 ሰዎች የ1982 ሴረም ከ1987ቱ ጎን ለጎን ሲለካ፣ ዳይኦክሲኑ በ7.1 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ ታወቀ። ስለሆነም በ1967 ተነክቶ በ1987 በደሙ 40 የተገኘበት ሰው መጀመሪያ 280 ያህል ነበረበት ማለት ነው። ይሁንና ብዙ ሰዎች ተጨምረው ሲሰላ ግማሽ ዕድሜው በ1994 ወደ 11.3፣ በ1996 ደግሞ ወደ 8.7 ዓመት ተቀየረ። ያው 40፣ በ11.3 ሲሰላ 136 ብቻ ይሆናል። መሣሪያው ያነበበው አልተለወጠም፤ የአንዲት ቁጥር ልዩነት የሰውየውን ያለፈ ታሪክ በግማሽ ቆረጠችው። ስብ የበዛበት ሰውነት መርዙን ቀስ ብሎ እንደሚያስወግድ የታወቀውም በዚሁ ምርምር ነው።

ጥናቱ በ2006 ሲያበቃ በሺህ የሚቆጠሩት ናሙናዎች ዕጣ አከራካሪ ሆኖ ነበር። አልተጣሉም፤ ለሌሎች ተመራማሪዎች እንዲያገለግሉ ወደ አገሪቱ የሕክምና ኢንስቲትዩት ጥበቃ ተዛወሩ።