መብራት ገባ፣ ምድጃው ቀረ፦ የቤት ኃይል ድህነት ታሪክ በሀዲያ
ጉዳዬን የምጀምረው ከአንድ ቃል ነው። እኛ ኤሌክትሪክን «መብራት» እንለዋለን፤ «መብራት ገባ»፣ «መብራት ሄደ» እንላለን። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤትም ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበር። የዛሬው መከራከሪያዬ ከዚሁ ስም ይነሣል። ኤሌክትሪክ ቤታችን የገባው በአምፖል በኩል ነው፤ ምድጃው ዘንድ ግን አልደረሰም። ቤተሰብ ከሚጠቀመው ኃይል አብዛኛው ለማብሰያ የሚውል በመሆኑ፣ የኃይል ድህነትን ታሪክ መፈለግ ያለብን ከምሰሶው ሥር ሳይሆን ከጉልቻው ዘንድ ነው።

በልጅነቴ ሀቢቾ ውስጥ የማጠናው በኩራዝ ነበር። ከዓመታት በኋላ መብራት ሲገባ ኩራዙ ከግድግዳው ወረደ። እናቴ ግን ቆጮውን የምትጋግረው እዚያው ጭስ ውስጥ ነበር። ይህን ያየሁት እንደ ልጅ ነው፤ እንደ ታሪክ ጥያቄ የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያው መንስኤ ከመሬት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ደቡቡን ከያዘ በኋላ በተዘረጋው የገባር ሥርዓት፣ ገበሬው ከእህሉ ሌላ ጉልበቱንም ይገብር ነበር። እንጨት መፍለጥና ማገዶ ማቅረብ ከግዴታዎቹ መካከል ናቸው። ስለዚህ የሹሙ ምድጃ የሚሞቀው በገባሩ ጀርባ ነበር። «ጢሰኛ» የሚለው ቃል ራሱ ከጢስ የመጣ ነው፤ በሰው መሬት ላይ ጢሱ የሚጤስ ሰው ማለት ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጢሰኝነትን አስቀርቷል። ማገዶው ግን ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄድበትን መንገድ አልለወጠም፤ የተለወጠው በግዴታ ይሄድ የነበረው በገበያ መሄዱ ነው።

እዚህ ላይ ባሕር ዛፍ ይገባል። በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ እጥረት መፍትሔ ሆኖ የመጣው ይህ ዛፍ፣ በሀዲያና በከምባታ ጠባብ ማሳዎች ዳር የቤተሰብ ባንክ ሆኗል። ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄድ ልጅ ስንቅ ይሸጣል። በዚህም ምክንያት እንጨቱን የሚያበቅለው ቤት ፍልጡን ሸጦ ቅጠል፣ ጭራሮና ኩበት ያነዳል። ኩበቱ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። እንሰት ያለ ፍግ አይጸናም፤ የጓሮው ለምነት የሚጠበቀው ከበረት በሚወጣው ነው። ኩበት የሚያነድ ቤት የነገውን ቆጮ እያነደደ ነው።

ሁለተኛው መንስኤ የኃይል ልማታችን ታሪክ ነው። በጥር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 2 ውኃውን በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አሳልፎ በኦሞ ሸለቆ፣ ከሀዲያ ብዙም ሳይርቅ፣ 420 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይፈልጋል ብንል፣ ጣቢያው በሙሉ አቅሙ ቢሠራና በመንገድ የሚባክነውን ብንተወው እንኳ፣ በአንድ ጊዜ የሚያግለው 120 ሺህ ምጣድ ነው። ያው ኃይል ሚሊዮኖችን አምፖል ያበራል። አቅም ሲያንስ አምፖልን ማስቀደም ምክንያታዊ ምርጫ ነበር። ሆኖም የምርጫው ዋጋ በጭስ ውስጥ በሚውሉት ሴቶችና ልጆች ላይ መውደቁን መናገር የታሪክ ተመራማሪ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው መንስኤ ቆጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዓለም ባንክ ጥናት ከዋናው መስመር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ቤተሰብ በአገር ደረጃ 33 በመቶ፣ በገጠር ግን 12 በመቶ ገደማ መሆኑን ያሳያል። መንግሥት ለረጅም ጊዜ የኤሌክትሪክን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይዟል፤ ድጎማው ግን የሚደርሰው ቆጣሪ ላለው ነው። ቆጣሪ ለማስገባት፣ ሽቦ ለመዘርጋትና ምጣድ ለመግዛት በአንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ የሌለው፣ ከሰሉን በየቀኑ በገበያ ዋጋ ይገዛል። በከተማም ተከራይ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው በአከራዩ ቆጣሪ ነው። «ምጣድ አይሰካም» ከተባለ፣ መብራት እያለው የኃይል ድሃ ይሆናል።

አራተኛው በቤት ውስጥ ያለው ሥልጣን ነው። ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ቤቶችን ጎብኝቻለሁ። ሳሎኑ ቴሌቪዥንና ሶፋ አለው፤ ማድቤቱ ከጓሮ፣ ጥላሸት እንደለበሰ ነው። ገንዘቡ ምን ይግዛ የሚለውን የሚወስነውና ጭሱን የሚተነፍሰው አንድ ሰው አይደለም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ከገባር ሥርዓት እስከ ዛሬ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ አስመርቀናል። እንግዲህ የአቅም ማነስ እንደ ቀድሞው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው አደራ አንድ ነው። በመስክ ሥራችሁ «መብራት ገብቷል?» ብላችሁ አትለፉ፤ «ዛሬ ምሳው በምን በሰለ? ማገዶውንስ ማን አመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ።