ግራጫው የማን ዘር ነው?

እስቲ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ የዘር ሙግት ነው፤ ተሟጋቾቹ ግን አውሬዎች ናቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ። የሚገናኙት መንዝ ነው፣ ጓሳ ላይ።

ጓሳን የረገጠ ያውቀዋል። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን ነው። አባቶች በቄሮ ሥርዓት ከልለው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ከፍተው እያጨዱ ኖረዋል። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡም በዛ፤ አይጥ በበዛበት ደግሞ አዳኝ አይጠፋም።

ማለዳ ላይ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንገቱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ እግሩን በዝግታ እያነሳ ጉድጓድ ላይ የሚያደባው ቀዩ ነው፤ ቀይ ቀበሮ የምንለው። ጠጉሩ ዝገት የመሰለ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረዥም፣ አፉ ቀጭንና ሹል። ጭራውን ልብ በሉ፤ ከሥሩ ነጭ ነው፣ ወደ ጫፉ ጥቁርና ጎፈሬ።

ሌላኛውስ? እሱ ላይ ነው ጉዱ። ግራጫ ነው እንበል እንጂ ጎኑ አሸዋማ ነው፤ ጀርባው ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጉር ተቀላቅሎበታል፣ የጭራው ጫፍ ጠቆር ይላል። በቆላው የምታውቁትን ባለ ጥቁር ጀርባ ቀበሮ እንዳይመስላችሁ፤ የዚያኛው ጥቁር ኮርቻ ከቀይ ጎኑ በጉልህ የተለየ ነው። የጭራው ጫፍ ነጭ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጎኑ ላይ ሰንበር ያለውን ቀበሮ ነው ያያችሁት። የኛው ግራጫ ከሁለቱም አይደለም። ታዲያ የማን ነው?

መጀመሪያ የቀዩን ላውራላችሁ፤ የሱ ቶሎ ያልቃል። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ (ሁሉንም ዘመን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ስሜን ተራሮች ደርሶ አውሬውን ለዓለም አስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ ፈረንጆቹ መልኩን እያዩ አንዴ ፎክስ፣ አንዴ ጃካል ሲሉት ኖሩ። በ1994 የዘረመል ምርመራ ሲደረግ ወደ ተኩላ ቤት የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። ፎክስ ያስባለው ቀይ ካባውና ሹል አፉ ነው፤ አፉም አይጥ ከሣር ውስጥ ለቅሞ ለመብላት የተበጀ ነው።

የግራጫው ሙግት ግን የረዘመ ነው። ከግብፅ ይጀምራል። የግሪኩ ሄሮዶቱስ ከ2,400 ዓመት በፊት የግብፅ ተኩላዎች ከቀበሮ እምብዛም የማይበልጡ መሆናቸውን ጽፏል። ልብ በሉ፣ ትንሽ ናቸው አለ እንጂ ተኩላ አይደሉም አላለም! ከዚያ በ1820ዎቹ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ግብፅን ሲያስሱ ይህንኑ እንስሳ ፋዩም ላይ አገኙት። ምስኪን ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞቶ ቀረ። ኤረንበርግ አገሩ ገብቶ የሁለቱንም ሥራ አሳተመ፤ እንስሳውም ሉፓስተር ተባለ።

ሆኖም የኋላ ሰዎች መልኩን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አስተያዩና «ይሄማ እሱው ነው» ብለው አንድ ላይ ጻፉት። አልተስማማሁም ያለ አልጠፋም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሀክስሊ በ1880 የግብፁን የራስ ቅል አይቶ ተኩላ ተኩላ ሸቶታል። በ1981 ዋልተር ፈርጉሰን ራስ ቅሎችን ለክቶ ተኩላ ነው ብሎ ተሟገተ። የሰማው ግን ጥቂት ነው። መዝገብ አንዴ ከተጻፈ ለመፋቅ አስቸጋሪ ነው፤ የሳይንስም መዝገብ እንደዚያው።

አሁን ወደኛ ደጋ እንመለስ። አፈወርቅ በቀለንና አናጋው አጥቅምን የመሰሉ የኛ ሰዎች ከኖርዌይና ከኦክስፎርድ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የግራጫውን ናሙና ሰብስበው አስመረመሩ። የታየው አውሬ ከወርቃማው ቀበሮ ይልቅ ገዘፍ፣ ሸንቀጥ ያለ ነበር። በ2011 ውጤቱ ወጣ፤ ከግብፁ ሉፓስተር ጋር አንድ ወገን ሆኖ ተገኘ፣ በመካከላቸው 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል እያለ። ዘሩም ከቀበሮ ሳይሆን ከግራጫ ተኩላ ቤት ተቆጠረ።

ነገሩ ያበቃ መሰለ። አላበቃም! ያ ምርመራ በዋናነት የተመራው በእናት በኩል ብቻ በሚወርደው ዘረመል ነበር፤ ዘር ሲጣራ አባትም ይጠየቃል። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች ሰፋ ያለውን ዘረመል ሲያዩ፣ የአፍሪካው ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ከተለየ ከሚሊዮን ዓመት በላይ አልፎታል። ግራጫ ተኩላም ራሱ አይደለም፤ ለብቻው የቆመ ዝርያ ነው። የአፍሪካውንና የእስያውን ያመሳሰላቸው ዝምድና ሳይሆን ተመሳሳይ ኑሮ ነው አሉ። የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ ተባለና በአህጉሩ ላይ ከ150 ዓመት ወዲህ የተለየ የመጀመሪያው የውሻ ወገን ሆነ። አዲስ ግኝት መባሉ ያስቀኛል፤ ለመንዝ እረኛ አዲስ አልነበረም፤ በጉን ሲወስድበት የኖረ ነው።

ደግሞ ስሙ፣ ዋናው አሁን ይመጣል። በ2018 ሙሉው ዘረመል ተነበበ። ግራጫው ክልስ ሆኖ ተገኘ! 72 በመቶው ከግራጫ ተኩላ መሰል ዘር፣ 28 በመቶው ደግሞ ከማን መሰላችሁ? ከቀዩ፣ ከራሳችን ከቀይ ቀበሮ ወገን። ጥንት፣ ማንም ሰው ሳያያቸው፣ ሁለቱ ቤቶች ተጋብተዋል ማለት ነው። ዛሬ ጓሳ ላይ ሲገናኙ የሚጣሉት የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቀዩ ከአይጥ ማደኛው ያባርራል፣ ግራጫው ወደ መንደርና ወደ መንጋው ጠርዝ ይወርዳል።

ክልስነት ሁሉ ግን እንዲህ ጥንታዊ አይደለም። ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ላይ ከመንደር ውሻ የተዳቀሉ ቀይ ቀበሮዎች ታይተዋል፤ አፋቸው አጠር፣ ገላቸው ደልደል ያለ ነው። ውሻው ከዘሩ ሌላ በሽታም ያመጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ገብቶ ብዙ ቀያዮችን ፈጅቷል።

እረኛው በግ ጠፋብኝ ሲል «ቀበሮ በላው» ይላል። የቱ ቀበሮ? ቀዩ በዓለም ላይ ለአቅመ ዘር የደረሰው ከ500 አይበልጥም፤ ያውም ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ተራራ ለተራራ ተበታትኖ። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ በግ መንካቱ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ዱላ ከመነሳቱ በፊት ጭራው ይታይ፤ ሥሩ ነጭ ከሆነ ሌባው ሌላ ቦታ ይፈለግ።