ከአሥራት እስከ አስረኛ ቤት

ባለፈው ክረምት አራት ሆነን ወደ ሶደሬ ወረድን። ሶደሬ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ ፍል ውሃው፣ መዋኛውና ከአዋሽ ዳር ዛፍ ላይ ሆኖ የሰውን ምሳ የሚጠባበቀው ጦጣ ይሆናል። እኛ ግን የሄድነው ለመዝናናት አልነበረም፤ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ለማስጠናት ነው። ሦስታችን የታሪክ፣ አንዳችን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በመሆናችን «አማርኛ ወይም ኅብረተሰብ ይሰጡናል» ብለን ተማምነን ነበር። የደረሰን ግን ሒሳብ ሆነ። ፈርተን የሸሸነው ትምህርት አዋሽ ዳር ድረስ ተከትሎን መጣ።

የመጀመሪያው ቀን ርእስ አስርዮሽ ቁጥርን ማጠጋጋት ነበር። ሰሌዳው ላይ 3.47 ጻፍንና «ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉ» አልናቸው። አንድ ፈጣን ልጅ ብድግ ብሎ «አራት!» አለ። እንዴት? ብንለው፣ «ሰባት ከአምስት ስለሚበልጥ አራቷን አምስት ያደርጋታል፤ 3.5 ሆነ። አምስት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ አራት!» አለን። ክፍሉ አጨበጨበ። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛም ለማጨብጨብ ምንም አልቀረንም ነበር። ቀጥሎ 2.96ን ወደ አስረኛ ቤት እንዲያጠጋጉ ሰጠናቸው። አንዲት ልጅ በጥሩ ጽሕፈት 2.10 ብላ አመጣች። ስድስት ከአምስት ይበልጣል፤ ዘጠኝ ላይ አንድ ሲጨመር አስር ነው፤ ታዲያ ምን አጠፋሁ? አለችን።

ለመሆኑ ምን አጠፋች? እዚህ ላይ ነው እኛ የተያዝነው። «ስሕተት ነው» ለማለት አልተቸገርንም፤ ለምን ስሕተት እንደሆነ ለማስረዳት ግን አፋችን ተሳሰረ። «አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ላይ፣ ከአምስት በታች ሲሆን ወደ ታች» የሚለውን ሕግ እኛም እንደ ዳዊት በቃላችን ደግመነው እንጂ ከየት እንደመጣ ጠይቀነው አናውቅም። ማታ ተሰብስበን ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ «እኛ የምናውቀው ታሪክ ነው፤ በታሪኩ እንግባበት» አለ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ማታ ጨዋታ ውጤት ነው።

ከቁጥሮቻችን እንጀምር። የግዕዝ ቁጥር ከግሪክ የፊደል ቁጥሮች የተወረሰ ነው። ፩ እስከ ፱ ለየራሳቸው፣ ፲ እስከ ፺ ለየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ከዚያ ፻ አለ፤ እልፍ ሲሞላ ፼ ይመጣል። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አምስት ለመጻፍ ፳፫፻፭ ማለት ይበቃል። አስር ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚናገር ምልክት አያስፈልግም። በዚህ አጻጻፍ ፲ የትም ይቀመጥ የት አስርነቱን ይዞ ነው የሚዞረው። ሊቃውንቱ ባዶን አያውቁም ነበር ማለታችን አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ወንበሩ ምንም ሲሆን «አልቦ» ይሉታል። ባዶ ስም ነበረው፤ ያልነበረው ቤት ነው።

ዛሬ በየክፍሉ የምንጽፈው የሕንድና የዓረብ ቁጥር ግን ሌላ ጠባይ አለው። በእሱ ዘንድ አኃዝ ማዕረጉን የሚያገኘው ከተቀመጠበት ቤት ነው። 4 በአንድ ቤት ሲቀመጥ አራት፣ በአስር ቤት አርባ፣ ከነጥቡ በስተቀኝ በመጀመሪያው ቤት አራት አስረኛ፣ በሁለተኛው አራት መቶኛ ነው። የየቤቱ አቅም ደግሞ ዘጠኝ ብቻ ነው። አስረኛው እንግዳ ሲመጣ አስሩም ተጠቃለው፣ አንድ ሆነው ወደ ግራ ጎረቤት ይሄዳሉ፤ የለቀቁትን ቤት ዜሮ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ 2.10 ብላ የጻፈችውን ልጅ እንመልከት። አስርን እንደ አንድ ምልክት ቆጥራ በአንድ ቤት አስቀመጠችው። በግዕዝ ቢሆን ኖሮ ፲ አንድ ምልክት ስለሆነ የሚከለክላት አልነበረም! የልጅቷ ስሕተት እኮ የደደብ ስሕተት አይደለም፤ ሊቃውንት ብዙ መቶ ዓመት የኖሩበት አስተሳሰብ ነው። ትክክለኛው መልስ 3.0 ነው፤ አስሩ አስረኞች ተጠቃለው አንድ ሙሉ ሆኑና ከሁለቱ ጋር ሦስት ሆኑ።

ከነጥብ በስተቀኝ ያሉት ቤቶች በዓለም ታሪክም ዘግይተው የተሠሩ ናቸው። አል ኡቅሊዲሲ የተባለ ሊቅ በ10ኛው መቶ ዘመን ደማስቆ ላይ በአስርዮሽ ክፍልፋይ አስልቷል፤ አል ካሺ በ15ኛው መቶ ዘመን ሳማርቃንድ ላይ አሠራሩን አስፋፋው፤ በአውሮፓ ደግሞ ሲሞን ስቴቪን በ1585 እ.ኤ.አ. ለነጋዴውና ለመሬት ለኪው የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አወጣበት። ስቴቪን የጻፈው ለገበያ ሰው መሆኑን ልብ በሉ።

የእኛስ ገበሬ ክፍልፋይ አያውቅም ነበር? እንዴታ! ሲሶ አራሹ ሲሶን፣ እኩል አራሹ እኩሌታን በጉልበቱ ያውቀዋል። አስረኛን ደግሞ ያወቀው በአሥራት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1884 ዓ.ም. ገደማ፣ በገበሬው ላይ እየተመራ ይበላ የነበረውን ወታደር ለመቀለብ ሲሉ ከምርቱ አንድ አስረኛ እንዲከፈል ደነገጉ። አንድ አስረኛ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ 0.1 ነው። ነገር ግን ማሳ ላይ የቆመ ጤፍ ነጥብ የለውም። ስንት ቁና እንደሚወጣው የሚወስነው ገማቹ በዓይኑ ነበር። ገማቹ በዓይኑ ሲያይ ያጠጋጋል፤ ሲያጠጋጋ ደግሞ ወዴት እንደሚያጠጋጋ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ገበሬው ሰባት ጫን ያስባል፣ ገማቹ አስር ብሎ ይሞላዋል፤ ከዚያ አስረኛው የሚሰላው ከአስሩ ነው። አሥራት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። በዚያው ዓመት የጎጃም ገበሬ ባመፀ ጊዜም ካስቆጡት ነገሮች አንዱ አዲሱ ግብርና ግምቱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ሲሶና እኩል ማረስም አብረው ቀሩ። ይህን ሁሉ የምናነሳው ማጠጋጋት የሰሌዳ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ገንዘባችንም ሌላ ትምህርት ቤት ነው። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ዋጋው ከጨው ምድር በራቀ ቁጥር ይወደድ ነበር። የቦታ ዋጋ ማለት እንዲህ ነው፤ ያው አሞሌ፣ በተቀመጠበት አገር ዋጋው ይለያያል። ጠገራ ብር ሲመጣ ሙሉው ብር ተገኘ፤ ዝርዝሩ ግን አስቸገረ። ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ባሠሯቸው ገንዘቦች ብር በአላድ፣ በሩብ፣ በተሙን ተከፈለ። ይህ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ ነው። ከ1895 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ አንድ ብር 16 ግርሽ ሆነ። አስራ ስድስትን ለመካፈል በግማሽ በግማሽ መሄድ ይመቻል፤ በነጥብ ለመጻፍ ግን አንድ ግርሽ 0.0625 ብር ነው። በአስራ ስድስት የሚያስብ ነጋዴ ስለ አስረኛ ቤት ለምን ይጨነቃል?

አስርዮሽ ወደ ኪሳችን የገባው በ1923 ዓ.ም. የሚል ዓመት በታተመባቸው የመዳብና የኒኬል ዝርዝሮች ነው። አንድ ብር መቶ ቦታ ተከፈለ፤ የአንዱ ስሙም «መቶኛ» ተባለ። ይህ ስም በጣም ያስቀናናል። ሕፃን ልጅ መቶኛ ቤትን በእጁ ይዞ ሱቅ ይላክ ነበር ማለት እኮ ነው! ከጣሊያን ወረራ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመን ሲወጣ፣ መቶ ቦታ የተከፈለው ዝርዝር ሳንቲም የሚል የፈረንጅ ስም ያዘ። ሳንቲምም በቋንቋው መቶኛ ማለት ነው፤ ለእኛ ልጅ ግን ምንም አይነግረውም። አምሳ ሳንቲምን አባቶቻችን ሽልንግ ሲሉት የኖሩት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ዛሬ ሳንቲሟ ከኪሳችን ጠፍታለች ማለት ይቻላል። ሶደሬ ያስተማርናቸው ልጆች አብዛኞቹ አምስት ሳንቲም ይዘው ዕቃ ገዝተው አያውቁም። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ያሉት ቤቶች ለእነሱ ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች ሆነዋል።

ቤቶቹን ቸል ማለት የሚያመጣውን ጣጣ ከሩቅ አገርም እንይ። የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ በጥር 1982 እ.ኤ.አ. አንድ መለኪያ ቁጥር በ1,000 ጀመረ። ኮምፒዩተሩ ከእያንዳንዱ ግብይት በኋላ ቁጥሩን እንደገና ሲያሰላ ከሦስተኛው አስርዮሽ ቤት በኋላ ያለውን ሳያጠጋጋ ዝም ብሎ ይቆርጠው ነበር። የተቆረጠችው ፍርፋሪ ዓይን አትሞላም። ግን በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ፣ ሁልጊዜም ወደ ታች! በኅዳር 1983 እ.ኤ.አ. መለኪያው ወደ 524 ወርዶ ተገኘ፤ ታርሞ ሲሰላ ግን 1,098 ሆነ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ማጠጋጋት፣ ቁራሹ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ግማሽ ሀብት ይበላል። የእኛ ገማች ኮምፒዩተር ሳያስፈልገው ይህን ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ሰሌዳውን ትተን ልጆቹን ወደ አሸዋው ይዘናቸው ወጣን። ገመድ ዘረጋንና በአንደኛው ጫፍ 3፣ በሌላው 4 የሚል ድንጋይ አስቀመጥን። ገመዱን አስር ቦታ በቋጠሮ ከፈልነው። «ሦስት ብር ከአርባ ሰባት ሳንቲም የት ይቆማል?» ስንል ያ ፈጣኑ ልጅ ራሱ ሄዶ ከአራተኛው ቋጠሮ አለፍ ብሎ ቆመ። «መሐሉስ?» አምስተኛውን ቋጠሮ አሳየን። «ታዲያ ከመሐሉ ወዲህ ነህ ወዲያ?» ዝም አለ። ቀጥሎ «ወዲህ ነኝ» አለና ሳቀ። ትናንት ያጠጋጋው ሁለት ጊዜ ነበር፤ ሰባቷ አራቷን ገፋች፣ የተገፋችው ሦስቱን ገፋች። ወደ ሙሉ ቁጥር ስናጠጋጋ የምንጠይቀው ጎረቤቱን አስረኛ ቤት ብቻ ነው። እዚያ 4 ካለ፣ ከኋላው ዘጠኝ ቢደረደር እንኳ፣ 3.4999 ቢሆን እንኳ፣ መሐሉ ላይ አይደርስም። ሕጉ ከዚህ መጣ፤ ከሰማይ አልወረደም።

ልክ መሐል ላይ የቆመውስ? 3.5 ከሁለቱም እኩል ይርቃል። ወደ ላይ ይውጣ የምንለው ተስማምተን ነው እንጂ ስለሚቀርበው አይደለም። አንዳንድ ሒሳብ ሠራተኞች ማድላቱን ለማስቀረት ወደ ተጋማሹ ቁጥር ያጠጋጋሉ፤ 3.5ን ወደ 4፣ 2.5ን ወደ 2። ይህን ስንነግራቸው 2.10 ያለችው ልጅ «ስምምነት ከሆነ እኛንም ይጠይቁን ነበር» አለች። መልስ አልነበረንም። ቤቶቹንም በየቋንቋቸው ሰየሙ፤ አንዱ አስር ሲል ሌላው ኩዸን፣ አንዱ መቶ ሲል ሌላው ዺባ። የቤቱ ቁልፍ ግን አንድ ነው።

ስንመለስ ገበያ ዳር ሙዝ ከሚሸጡ እናት ገዛን። ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ አንድ ሙዝ ጨመሩና «ምርቃት ነው ልጆቼ» አሉን። ወደ ገዢው ያደላ ማጠጋጋት ያን ቀን አየን።

ጓደኞቻችን፣ በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር እንደዘመቱ፣ ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አዋቂው ሰው ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት እንዲማር እንደተደረገ በክፍላችን ተምረናል። አሁን ያንን «ወደ 60,000» የሚለውን ስናነብ ቆም እንላለን። ታሪክም ያጠጋጋል። ሲያጠጋጋ ከነጥቡ በስተቀኝ የሚቀሩት ሰዎች ናቸው። እኛም ስንጽፍ እስከ የትኛው ቤት እንዳጠጋጋን ብንናገር ደግ ነው።

የሶደሬዎቹ ልጆች ሁሉን አውቀው ጨረሱ አንልም። ነገር ግን ነገ ደመወዝ ሲቀበሉ፣ እህል ሲያስመዝኑ፣ ወይም ግብር ሲገመትባቸው «ከመሐሉ ወዲህ ነው ወዲያ?» ብለው እንዲጠይቁ እንፈልጋለን። ማጠጋጋት ያልተማረ ሰው ይጠጋጋበታል።